ድጎማና ገመና በእንግሊዝ አገር

ስለ እንግሊዝ አገር ማኅበራዊ ዋስትና ሲነሣ ክርክሩ ብዙ ጊዜ በገንዘቡ ላይ ነው፤ ስንት ተሰጠ፣ ለማን ተሰጠ። እኔ ግን ነገሩን በበሩ በኩል ማየት ይሻላል እላለሁ። ችግረኛው ገንዘቡን ሊቀበል ሲሄድ ቀና ብሎ ነው የሚገባው ወይስ ጎንበስ ብሎ? (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የ1834ቱ የድሆች ሕግ በሩን ሆን ብሎ ዝቅ አድርጎ ሠራው። ተረጂው ከመጨረሻው ደሞዝተኛ ያነሰ ኑሮ ካልኖረ ማን ይሠራል? የሕጉ አስተሳሰብ ይህ ነበር። ስለዚህ መሥራት እየቻለ እርዳታ የጠየቀ ሰው «ወርክሃውስ» ይግባ ተባለ። እዚያ ባልና ሚስት ይለያያሉ፣ ልጆች ለብቻቸው ይቀመጣሉ፣ የሚለበሰውም የግቢው ልብስ ነው። ሰው እንዲጠላው ተብሎ የተሠራ ቤት ነው፤ ሰውም ጠላው።

በ1908 በወጣው ሕግ ዕድሜያቸው 70 ለሞላ ድሆች በሳምንት እስከ 5 ሺሊንግ ጡረታ ተፈቀደ፤ የሚከፈለውም በፖስታ ቤት ሆነ። ይኼ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ ሽማግሌው ቴምብር ከሚገዛው ሰው ጋር አንድ ሰልፍ ቆመ ማለት ነው። በ1911 ደግሞ የሎይድ ጆርጅ የመድን ሕግ መጣ። ለሕመም ሠራተኛው በሳምንት 4 ፔኒ፣ አሠሪው 3፣ መንግሥት 2 ያዋጣሉ። አዋጥቶ የሚቀበል ሰው ለማኝ አይደለም፤ የራሱን ነው የሚጠይቀው።

ከዚያ 1931 መጣ። የዓለም ንግድ ወድቆ ሥራ አጡ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል ሲያልፍ፣ የሌበር ካቢኔ የሥራ አጡን አበል 10 ከመቶ እንቀንስ አንቀንስ በሚለው ተከፋፍሎ ፈረሰ። ማክዶናልድ ከወግ አጥባቂዎች ጋር አዲስ መንግሥት አቆመና ቀነሰው፤ የአንድ ወንድ አበል ከ17 ሺሊንግ ወደ 15 ሺሊንግ ከ3 ፔኒ ወረደ። መቀነሱስ ይሁን። የባሰው የዚያኑ ዓመት መጨረሻ የመጣው «ሚንስ ቴስት» ነው፤ የኑሮ ምርመራ እንበለው። የመድን ጊዜው ያለቀበት ሥራ አጥ አበል የሚያገኘው አብሮት የሚኖረው ቤተሰብ ገቢ ሁሉ ተቆጥሮ ሆነ። መርማሪው ቤት ይገባል። ልጅቷ ፋብሪካ ስንት ታገኛለች? አያትየው ጡረታ አላቸው? ያ ዕቃስ ለምን አይሸጥም? ገመና የሚባል ነገር አልቀረም። ልጅ ሥራ ሲይዝ የአባት አበል ይቀነሳል፤ አባወራ የነበረው ሰው በልጁ እጅ ወደቀ። አባቴ አበሉን እንዳያጣብኝ ብሎ ከቤት ወጥቶ ሌላ ጋ የተከራየ ወጣት ብዙ ነው። ቤተሰብ ይከበር የሚሉ ሰዎች ያወጡት ደንብ እኮ ነው ቤተሰብ የበተነው! የሳልፎርዱ ዋልተር ግሪንውድ ይህን ኑሮ «ላቭ ኦን ዘ ዶል» በተባለው ልብ ወለዱ በ1933 ጻፈው። ፊልም ይሁን ሲባል ግን ሳንሱሩ በ1936 ከለከለ፤ ለሕዝብ የታየው በ1941 ነው። (ልብ ወለድ ምን ይሠራል የምትሉ ጓደኞቻችን፣ ሳንሱሩን ጠይቁት።) በ1935 መጀመሪያ በደቡብ ዌልስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው አዲሱን የአበል ተመን ተቃውሞ አደባባይ ሲወጣ መንግሥት ተመኑን ለጊዜው አገደ። ቤተሰቡን በሙሉ የሚቆጥረው ምርመራ የቀረው በ1941 ነበር።

እንግዲህ በ1942 የዊልያም ቤቨሪጅ ሪፖርት ሲታተም፣ በጦርነት መካከል ሰው ተሰልፎ የገዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁሉም እኩል ያዋጣ፣ ሲቸግረው እኩል ይቀበል፣ ምርመራ ይቅር የሚል ነበር። በጁላይ 5 ቀን 1948 የአትሊ መንግሥት ሥራ ላይ አዋለው፤ የድሆች ሕግም በዚያው ተሻረ።

ግን ስሌቱ ውስጥ እሾህ ነበረ። መዋጮው ለሁሉም እኩል ከሆነ ከዝቅተኛው ደሞዝተኛ አቅም በላይ ሊሆን አይችልም፤ መዋጮው ትንሽ ከሆነ አበሉም ትንሽ ነው። የቤት ኪራይ ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አበሉ ያልበቃው ሰው «ብሔራዊ እርዳታ» ወደሚባለው መሥሪያ ቤት ሄደ፤ እዚያ ያው ጥያቄ ጠበቀው። ቤቨሪጅ ይህ በር እየጠበበ ይሄዳል ብሎ ነበር፤ ተመላላሹ ግን እየበዛ ሄደ።

ታቸር በ1980 ጡረታን ከደሞዝ ዕድገት ነጥላ ከገበያ ዋጋ ጋር ብቻ አሰረችው፤ በ1988 ደግሞ ለድንገተኛ ችግር ይሰጥ የነበረው እርዳታ በአብዛኛው ብድር ሆነ። በ2013 የተጀመረው «ዩኒቨርሳል ክሬዲት» ስድስት አበሎችን አንድ አደረገ፤ ማቅለሉን አልጠላሁትም። ነገር ግን የባልና የሚስት ገቢ ባንድ ላይ ይቆጠራል፤ የመጀመሪያውም ክፍያ እስኪደርስ አምስት ሳምንት ያህል ደጅ መጥናት ነው። መርማሪው ዛሬ ማዕድ ቤት አይገባም፤ ደሞዙን ኮምፒዩተር ከግብር መሥሪያ ቤቱ ያነባል። ከኤፕሪል 2017 በኋላ ለተወለደ ሦስተኛ ልጅ ደግሞ ተጨማሪ አበል ተከለከለ። ልጁ በመደፈር የተጸነሰ ከሆነ ግን ይፈቀዳል ተባለ፤ እናትየዋ ይህንኑ ለባለሙያ ነግራ፣ ቅጽ አስሞልታ። በ1931 ያ መርማሪ እንኳ ይህን አልጠየቀም። በኖቬምበር 2025 መንግሥት ክልከላውን ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ እንደሚያነሣ አስታወቀ።