የአመዳይ መጥረጊያ መኪና ታሪክና የሞተሩ አያያዝ



በአገራችን አመዳይን የሚያውቀው እንደ ስሜን ተራሮች ባለ ከፍተኛ ቦታ የሚኖር ሰው ነው፤ ለእርሱም ቢሆን ጧት ታይቶ ፀሐይ ሲበረታ የሚጠፋ እንግዳ ነው። በካናዳ ግን አመዳይ ወራት ይቀመጣል፤ መንገድ ይዘጋል፤ ሰውን ከገበያና ከሐኪም ይለያል። ይህን ክምር በሞተር ኃይል ማንሣት እንዴት እንደ ተጀመረ፥ ሞተሩም ስለምን ብዙ ጊዜ አልነሣ እንደሚል በዛሬው ንግግራችን እናወሳለን።

አስቀድሞ የተቸገሩት የምድር ባቡር ሰዎች ነበሩ። በባቡሩ ፊት ማረሻ አስረው ይገፉ ነበር፤ ማረሻው ግን ጥልቅ ክምር ሲገጥመው አመዳዩን ይጠቀጥቀዋል እንጂ አያወጣውም፤ በመጨረሻም ባቡሩ ራሱ በክምሩ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። በ1869 (ዘመኑን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ኤልዮት የተባለ የቶሮንቶ ከተማ ሰው አመዳዩን እየቈረጠ የሚወረውር ትልቅ መንኰራኵር ነደፈ። ሰውየው የጥርስ ሐኪም መሆኑ የሚያስገርም ነው። ሐሳቡን ኦሬንጅ ጁል የተባለ ሌላ ካናዳዊ አሻሻለው፤ በ1883 እና በ1884 መካከል በነበረው ክረምትም የሌስሊ ወንድማማቾች ሠርተው ለሙከራ አቀረቡት። የእንፋሎቱ ሞተር መንኰራኵሩን ብቻ ያዞራል፤ ጋሪውን የሚገፋው ከኋላው ያለው ባቡር ነው። አንዱ ኃይል ለመሄድ፥ ሌላው ለመወርወር መሆኑን አድማጮቻችን ልብ ይበሉልን።

ይህ መሣሪያ ከሐዲድ ወጥቶ ወደ አውራ ጎዳና እስኪደርስ አርባ ዓመት ያህል ፈጀ። ያደረሰውም በ1876 በሞንትሪያል አጠገብ የተወለደው አርቱር ሲካር ነው። ሲካር ወጣት ሳለ የስንዴ መውቂያ መኪና ሲሠራ ተመለከተ። የእኛ ገበሬ በአውድማ ላይ መንሹን ይዞ ነፋስ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ያ መኪና ግን ነፋሱን ራሱ እየፈጠረ ገለባውን አርቆ ይተፋ ነበር። ሲካርም «ገለባን እንዲህ ከጣለ አመዳይን ስለምን አይጥልም?» የሚለውን ሐሳብ ይዞ ብዙ ዓመት ደከመ። በ1925 ሥራው ተሳካለት፤ በ1927 የመጀመሪያውን መኪና ለኡትርሞን ከተማ ሸጠ። የጭነት መኪናው በራሱ ሞተር ይሄዳል፤ ከፊት ያለውን መጣያ የሚያዞረው ሌላ ሞተር ነው። አመዳዩንም እስከ 27 ሜትር ያህል አርቆ ይወረውር ነበር። እነሆ የባቡሩ ጥበብ ይኸው ነበር።

ሲካር በ1946 ዐረፈ። ሰው ከኋላው ቆሞ እየያዘ የሚነዳው ትንሹ መኪና የተስፋፋው ከእርሱ በኋላ ነው። በአሜሪካ ቶሮ የተባለው ኩባንያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፥ አሪየንስ የተባለው ደግሞ በ1960 ለቤተ ሰብ የሚሆነውን አወጡ። በእነዚህ ላይ ለሁለቱም ሥራ ያለው አንድ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ብቻ ነው፤ ስለዚህ እርሱ ሲታመም ሁሉም ይቆማል።

ይህ ሞተር ለእኛ እንግዳ አይደለም። መብራት ሲጠፋ በየመሥሪያ ቤቱ ጓሮ ከሚጮኸው ትንሽ ጀኔሬተር ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። በሚኒሶታና በቶሮንቶ የሚኖሩት ወገኖቻችንም የደጃቸውን አመዳይ የሚጠርጉት በእርሱ ነው። ብዙ ሰው ሞተሩን የሚገድለው ብርዱ ይመስለዋል። እንደ እኛ አስተያየት ግን የሚገድለው በጋው ነው፤ ይኸውም ሥራ ፈቶ በተቀመጠበት ወራት በውስጡ የቀረው ቤንዚን ነው። ቤንዚን ሲቆይ ቀላሉ ክፍል ይተናል፤ የቀረው እንደ ሙጫ ይሆንና የካርቡራተሩን ጠባብ ቀዳዳ ይደፍናል። በዛሬው ቤንዚን ውስጥ የሚቀላቀለው አልኮል ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል።

ሞተሩ እንቢ ሲል ገመዱን እየጎተቱ ክንድን ማድከም አይጠቅምም። ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ይሻላል። ጫፉ ደረቅ ከሆነ ቤንዚኑ አልደረሰም፤ የቤንዚኑን መዝጊያና ካርቡራተሩን መመርመር ነው። እርጥብ ከሆነ ግን ቤንዚኑ ደርሷል፤ ወይ እሳቱ ደክሟል፥ ወይም ቤንዚኑ በዝቶ አጥለቅልቆታል። የአየር መዝጊያው ሲዘጋ የሚነሣና ሲከፈት የሚጠፋ ሞተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳው በከፊል የተደፈነበት ነው።

ሞተሩ እየሠራ መጣያው ካልዞረ ቺንጋው ላልቷል ወይም ቀጭኑ ብሎን ተሰብሯል። ይህ ብሎን ድንጋይ ሲገጥም ቀድሞ እንዲሰበር ሆን ተብሎ ደካማ ተደርጎ የተሠራ ነው። በምትኩ ጠንካራ ብሎን የሚያስገባ ብልጥ ነኝ ባይ በሚቀጥለው ድንጋይ ጥርስ ያላቸውን ውድ መንኰራኵሮች ይሰብራል። አፉ በአመዳይ ሲታፈንም ሞተሩን አጥፍቶ፥ የሚዞረው ነገር እስኪቆም ጠብቆ፥ በእንጨት መጎርጎር ይገባል። ሞተሩ ጠፍቶም እንኳ ቺንጋው ላይ የቀረ ውጥረት በድንገት ሊያዞረው ስለሚችል፥ እጁን የሰደደ ሁሉ ጣቱን ለአደጋ አጋልጧል። በተዘጋ ጋራዥም ውስጥ ማስነሣት አይገባም፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት።

አመዳዩ ቀልጦ መንገዱ በደረቀ ጊዜ የቤንዚኑን መዝጊያ ይዘጉታል፤ ሞተሩንም አስነሥተው በካርቡራተሩ የቀረችውን ጠብታ ጨርሶ ድምፁን ራሱ እስኪያጠፋ ድረስ ይተዉታል።