በመስኮት የወጣው ደብዳቤ

ጊዜው እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 1860 ነው። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ማንቴኖ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የስድስት ልጆች እናት የሆነችው ኤልሳቤጥ ፓካርድ በግድ ከቤቷ ተወስዳ ባቡር ላይ ተጫነች። የመጨረሻ ልጇ ገና የ18 ወር ሕፃን ነበር። የምትወሰደው ወደ ጃክሰንቪል የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነው።

ጥፋቷ ምን ነበር? ባሏ ቴዎፍሎስ ፓካርድ የካልቪንን ትምህርት አጥብቆ የያዘ ሰባኪ ነው። እሷ ደግሞ "ሰው ሲወለድ ጀምሮ ክፉ ነው" የሚለውን አስተምህሮ አልቀበልም ብላ በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ተከራከረች። ባልየው "አብዳለች" አለ። በ1851 የወጣው የግዛቱ ሕግ ሌሎችን ሆስፒታል ለማስገባት የሚጠየቀውን ማስረጃ ለባለትዳር ሴት አይጠይቅም ነበር። የባል ጥያቄና የሆስፒታሉ ኃላፊ ይሁንታ በቂ ነው። ከሳሹም ዳኛውም ባል ሆነ ማለት ነው።

ሦስት ዓመት ቆየች። "ጤነኛ ነኝ" ብላ ስትከራከር ክርክሩ ራሱ የበሽታዋ ምልክት ተደርጎ ይያዝ ነበር። ደብዳቤዋ በኃላፊው እጅ ነው፤ ስለዚህ በቁራጭ ወረቀት እየጻፈች ትደብቅ ጀመር።

በ1863 ስትለቀቅ ባሏ ደግሞ ቤት ውስጥ ቆለፈባት፤ መስኮቱንም በሚስማር ቸነከረው። እሷ ግን በመስኮቱ ክፍተት ደብዳቤ አሾልካ ለወዳጅ አደረሰች። የሕጉ ምፀት እዚህ ላይ ነው፦ ባል ሚስቱን ሆስፒታል ማስገባት ይፈቀድለታል፣ ቤቱ ውስጥ ማሰር ግን አይፈቀድለትም። ዳኛ ጉዳዩን እንዲያይ አዘዘ። በጃንዋሪ 1864 በካንካኪ የተሰየሙት 12 ዳኝነት ሰጪ ዜጎች ጤነኛ ናት ለማለት 7 ደቂቃ ብቻ ፈጀባቸው።

ነጻ ወጥታ ቤቷ ስትደርስ ግን ባሏ ልጆቹንና ንብረቱን ይዞ ወደ ማሳቹሴትስ ሄዷል። በዘመኑ ሕግ ሁለቱም የአባት ናቸው። ትንንሾቹን ልጆቿን መልሳ ለማሳደግ የቻለችው በ1869 ነው።

እስከዚያው ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። መጽሐፍ እያሳተመችና እየሸጠች በየምክር ቤቱ ደጅ ጠናች። በ1867 ኢሊኖይ ማንም ሰው ያለ ፍርድ ሆስፒታል እንዳይገባ ደነገገ። ሐኪሞች ተቃወሙ፤ ሕመምተኛን እንደ ወንጀለኛ አደባባይ ማቆም ገመናውን ማውጣት ነው አሉ። ሙግታቸው መሠረት ነበረው፤ ሕጉም በኋላ ተሻሻለ።

ከዚያ ሁሉ ይልቅ ሩቅ የሚያየው ግን በ1872 በአይዋ ግዛት ያስወጣችው ሕግ ነው። ሆስፒታሎችን እየዞረ የሚመረምር፣ ሴትም ያለችበት ኮሚቴ ይቋቋም፤ ታካሚው ለኮሚቴው የሚጽፈውን ደብዳቤ ማንም አይክፈት ይላል።

የሁለቱ ሕጎች ልዩነት ልብ ሊባል ይገባል። የ1867ቱ ሕግ የሚያድነው በስህተት ወይም በተንኮል የተያዘውን ጤነኛ ነው። የ1872ቱ ግን በእርግጥ የታመመውንም ይጠብቃል። ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ደብዳቤው ሳይነበብበት ሰሚ ዘንድ እንዲደርስለት፣ አንድ ሰው መጀመሪያ ጤነኛነቱን ማስመስከር የለበትም። ሕመም ሰውን ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል፤ ከሰው ተራ ግን አያወጣውም። በር የሚዘጋበት ሰው ቢያንስ ደብዳቤ የሚወጣበት ክፍተት ያስፈልገዋል፤ ኤልሳቤጥ ያንን በራሷ ደርሶ አይታዋለች።