ባሩድ ሁሉ አንድ አይደለም

በአማርኛ «ባሩድ» የምንለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው ከድኝ፣ ከከሰልና ከፖታሲየም ናይትሬት የሚቀመመው፣ ሲተኮስ ሜዳውን በጭስ የሚያለብሰው ጥቁር ባሩድ ነው። ሁለተኛው ዛሬ ከክላሽ ጀምሮ እስከ አደን ጠመንጃ ድረስ በየጥይቱ ውስጥ የሚገኘው፣ ከናይትሮሴሉሎስ የሚሠራው ጭስ አልባ ባሩድ ነው። ሁለቱ በአሠራራቸውም፣ በአነዳደዳቸውም፣ በሚፈጥሩት ግፊትም አይገናኙም። የተተኮሰ ቀለህ በቤት ውስጥ መልሶ ስለመሙላት ሲነሳ ከባዱ አደጋ የሚመጣው፣ በእኔ ግምት፣ ከዚህ የስም መመሳሰል ነው።

ይህን እንድጽፍ ያደረጉኝ በአንድ ሰሞን የቀረቡልኝ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ኬሚስትሪ በመማሬ ሁለቱም ወደ እኔ መጡ። አንደኛው ጠያቂ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ የሚኖር ወዳጄ ነው። ለአጋዘን አደን የሚተኩሰውን ጥይት ራሱ ይሞላል፤ አንድ ዓይነት ጥይት በበጋና በክረምት የተለያየ ቦታ የሚመታበት ምክንያት ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ሁለተኛው ከመንዝ የመጡት አጎቴ ናቸው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ቁጭ ብለው ቡና እየጠጡ፣ «አንተ ልጅ፣ የክላሽ ጥይት ፈትቼ ባሩዱን በአባቴ ውጅግራ ቀለህ ብሞላውስ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ኧረ አይሆንም! እጅዎ ላይ ይፈነዳል።»

«እንዴት ይፈነዳል? ድሮ ሲሞላ ኖሮ የለም እንዴ!»

እውነታቸውን ነው፤ ይሞላ ነበር። ግን የሚሞላው ምን እንደነበር ማየት ያስፈልጋል።

ውጅግራ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ነው። የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የታጠቀው፣ አንድ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው። ፈረንሳይ በ1886 ለበል የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ስትይዝ አሮጌው ግራ ከየመጋዘኑ እየወጣ በቀይ ባሕር ዳርቻ በኩል ወደ አገራችን ጎረፈ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከተሰለፉት ዋና ዋና መሣሪያዎች አንዱ እሱ ነበር። ጥይቱም ጦር ሜዳ ብቻ አልቀረም፤ እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ የማርያ ትሬዛ ብር መዘርዘሪያ ሆኖ ገበያ ላይ ይዞር ነበር። ገንዘብ የሆነ ነገር ደግሞ ባዶ ሆነ ተብሎ አይጣልም፤ ይሞላል።

ያ ሙሌት በአብዛኛው በሰላም ያለፈው የሞላው ሰው ተጠቦ ብቻ አይደለም፤ ጥቁር ባሩድ በባሕርይው ታጋሽ ስለሆነ ነው። የግራ ቀለህ ሲፈበረክ 5.25 ግራም ጥቁር ባሩድ ይይዝ ነበር። ይህ ማለት ቀለሁ ሙሉ ነው ማለት ይቻላል። ሰው ቢሳሳት እንኳ ሁለት እጥፍ የሚጨምርበት ቦታ የለም። በሚዛን ሳይሆን በስፍር ቢሞላም ጠመንጃው ከተሠራለት ግፊት ብዙ አይርቅም።

ጭስ አልባው ባሩድ ይህን ሁሉ ሻረው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ናይትሮሴሉሎስን አድቦልቡሎና ደልዞ ለጠመንጃ የሚሆን ባሩድ ሠራ፤ ለበልም የተቀረጸው ለዚሁ ባሩድ ነው። በ1887 ደግሞ አልፍሬድ ኖቤል ናይትሮግሊሰሪን ጨመረበት። እስከ ዛሬ ድረስ በገበያ ላይ ያሉት ባሩዶች በእነዚህ ሁለት ወገኖች ይከፈላሉ፤ ናይትሮሴሉሎስ ብቻ ያለባቸውና ናይትሮግሊሰሪን የተጨመረባቸው። ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ጭስ አልባ ባሩድ የሚነድበት ፍጥነት ከግፊቱ ጋር እያደገ ይሄዳል። ግፊት ሲጨምር ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱን ይጨምራል። ስለዚህ ጥቂት መብለጡ ጥቂት ጥፋት ብቻ አያመጣም።

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት በጥቁር ባሩድ ዘመን የተወለደውን የአሜሪካኖቹን .45-70 ጥይት እንውሰድ። የአገሪቱ አምራቾች ማኅበር ለዚህ ጥይት የፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በካሬ ኢንች 28,000 ፓውንድ ነው። ለክላሽ ጥይት (7.62×39) 45,000፣ ለ.308 ዊንቸስተር ደግሞ 62,000 ነው።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንምጣ። ባሩድ የሚመረጠው በኃይሉ ሳይሆን በአነዳደዱ ፍጥነት ነው። ጭራሮና ግንድ ያነደደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ጭራሮው ወዲያው ይንቦገቦጋል፣ ግንዱ ቀስ ብሎ ይይዝና ሙቀቱን ያቆያል። ፋብሪካዎች ይህን ፍጥነት የሚወስኑት በፍሬዎቹ ቅርጽና መጠን እንዲሁም ላያቸው ላይ በሚቀቡት ማዘግያ ነው። የሽጉጥ ባሩድ ፈጣን ነው፤ አጭር አፈሙዝ ውስጥ ነዶ ማለቅ አለበትና። ትልቅ ቀለህና ከባድ ዓረር ያለው ጠመንጃ ደግሞ ዓረሩን ቀስ አድርጎ የሚገፋ፣ አፈሙዙን እስኪያልፍ ድረስ የማይለቀው ባሩድ ይፈልጋል። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይታያሉ፦ የቀለሁ ይዘት፣ የዓረሩ ክብደትና የአፈሙዙ ስፋት። ቀለሁ ከስፋቱ አንጻር በተለቀ፣ ዓረሩም በከበደ ቁጥር ወደ ዘገምተኛው ባሩድ ይኬዳል።

በተግባር ሲታይ፣ በ.308 ከ150 እስከ 168 ግሬን የሚመዝን ዓረር የሚተኩስ ሰው አይኤምአር 4064ን፣ አይኤምአር 4895ን ወይም ቫርጌትን ይመርጣል። ወደ .30-06 ሲሄድና ዓረሩ ሲከብድ ዘገም ያለው ኤች 4350 ይመጣል። ለክላሽ ዓይነቱ ትንሽ ቀለህ ግን ፈጠን ያለው ኤች 4198 ይስማማል። (ግሬን ማለት 0.0648 ግራም ነው፤ ስለዚህ የወርቅ ቤት ሚዛን እንጂ የኩሽና ሚዛን እዚህ አያገለግልም።)

የስም ጣጣው እዚህም አልለቀቀንም። ኤች 4350 እና አይኤምአር 4350 ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም ሁለት የተለያዩ ባሩዶች ናቸው። የአንዱን ልክ ለሌላው መጠቀም አይቻልም። የፍጥነት ሰንጠረዥ የሚባለውም ባሩዶቹን በተርታ ያስቀምጣቸዋል እንጂ ጎረቤታሞቹ ይተካካሉ ማለቱ አይደለም። መጠኑ የሚገኘው ከአምራቹ የታተመ መመሪያ ብቻ ነው። እዚያ ላይ መነሻና ጣሪያ ተጽፏል፤ ከመነሻው ይጀመርና በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ የቀለሁና የመለኮሻው ሁኔታ ይታያል። ከመነሻው በታች መውረድም ደኅንነት አይደለም። ዘገምተኛ ባሩድ ሰፊ ቀለህ ውስጥ ጎድሎ ሲቀመጥ አለኳኮሱ ይዛባል። ጠረጴዛው ላይ በአንድ ጊዜ ከአንድ ጣሳ በላይ መኖር የለበትም፤ ዓረሩ ከመገጠሙ በፊትም እያንዳንዱ ቀለህ በብርሃን ይታያል።

የአጎቴን ጥያቄ ከዚህ በኋላ መመለስ ቀላል ነው። አንድ የክላሽ ጥይት 1.6 ግራም ገደማ ባሩድ አለው። የውጅግራ ቀለህ ሙሉ እንዲመስል ሦስት ያህል ጥይት መፍታት ሊያስፈልግ ነው። ሦስቱ በአንድ ጊዜ የሚነዱት ከተኳሹ ዓይን አንድ ስንዝር ርቆ፣ ከመቶ ዓመት በላይ በዝገትና በጥገና በኖረ ብረት ውስጥ ነው። «እንግዲያው የአንዱን ብቻ ባደርግስ?» ማለትም መልስ አይሆንም። የጦር ሠራዊት ጥይት ባሩድ ስም ያለው ሸቀጥ አይደለም፤ ፋብሪካው ለዚያ ጥይትና ለዚያ ዙር ብቻ እየመጠነ የሚያዘጋጀው ነው። ምን እንደሆነ በዓይን አይታወቅም፣ ልኩም በየትኛውም መጽሐፍ የለም። ከተፈታ ጥይት የወጣ ባሩድ ለምንም አይሆንም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። በእኛ ገጠር ከየዘመኑ የተረፈ ጠመንጃ ከየቤቱ ተሰቅሏል፤ ለየጠመንጃው የሚሆን ጥይት ግን ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ፈተናው የሚመጣው ከዚህ ነው። አርበኞች በጣሊያን ወረራ ዘመን ይህን የፈቱት ጠመንጃውንም ጥይቱንም አንድ ላይ ከጠላት በመማረክ ነበር።

የኮሎራዶው ወዳጄ ጥያቄ መልስ ሙቀት ነው። አብዛኛው ባሩድ ሲሞቅ ይፈጥናል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል። በበጋ ጠራራ ፀሐይ የተመጠነ ጥይት በበረዶ ተራራ ላይ ዝቅ ብሎ ቢመታ የሚያስገርም አይደለም። የተገላቢጦሹ ይበልጥ ያሳስባል። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ባለችው ቱሉ ዲምቱ በጠዋት ብርድ እስከ ጣሪያው የተመጠነ ጥይት በፈጣኑ መንገድ አዳማን አልፎ አፋር ቢወርድ፣ መኪና ውስጥ ሲግል ከጣሪያው ያልፋል። (ቱሉ ዲምቱ ስል አቃቂ ቃሊቲ ያለችውን ማለቴ ነው፤ ባሌ ያለው 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ስመ ሞክሼያችን ነው።) እንደ ቫርጌትና ኤች 4350 ያሉት በሙቀት ብዙ እንዳይለዋወጡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ለአዳኝ የምመክረውም እነሱን ነው።

ባሩድ ያረጃልም። ናይትሮሴሉሎስ በራሱ ጊዜ ቀስ በቀስ ይበሰብሳል፤ ይህን የሚያዘገይ ማርጊያ ቢጨመርበትም አንድ ቀን ያልቃል። የሚጎመዝዝ የአሲድ ሽታ፣ ሲከፈት የሚወጣ ቀይ ቡናማ ጢስ፣ ዝገት የመሰለ ብናኝ ከታየ ነገሩ አብቅቷል፤ በሙቀት ቦታ ከቆየ ራሱን ሊለኩስ ይችላል።

ማስቀመጫውን በተመለከተ ከጥቁሩ ይልቅ ጭስ አልባው ይሻላል፤ ጥቁሩ በአንዲት ብልጭታ ይነሳል። ጭስ አልባው ሜዳ ላይ ቢለኮስ ይነዳል እንጂ አይፈነዳም። የታፈነ ዕቃ ውስጥ ግን ሌላ ነው። አምራቹ ስስ ጣሳ ወይም ፕላስቲክ የሚጠቀመው ለዚህ ነው፤ ቢነድ ጣሳው ቶሎ ተከፍቶ ግፊቱን እንዲለቅ ነው። ወደ ጠርሙስ፣ ወደ ወተት ጣሳ ወይም ወደ ብረት ካዝና ማዛወር ባሩዱን ቦምብ ማድረግ ነው። የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ደንብ በመኖሪያ ቤት እስከ 20 ፓውንድ ጭስ አልባ ባሩድ በመጀመሪያ ዕቃው እንዲቀመጥ ይፈቅዳል። ያ ደንብ የተጻፈው ግን ግቢና ጋራዥ ላለው ቤት ይመስለኛል። የእኛ ኮንዶሚኒየም አንድ ደረጃ ለሁሉም፣ በረንዳው ላይ የከሰል ምድጃ፣ ኩሽናው ውስጥ ቡታጋዝ ያለበት ነው። በእንዲህ ያለ ሕንፃ አንድ ፓውንድም ብትሆን የጎረቤትም ጉዳይ ናት።

ሕጉ ደግሞ አለ። አሜሪካ ውስጥ ለራሱ ብቻ የሚሞላና የማይሸጥ ሰው የፌዴራል ፈቃድ አያስፈልገውም። እኛ ዘንድ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ መሣሪያና ጥይት ያለ ፈቃድ አይያዝም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2004 የፈረመችው የናይሮቢ ፕሮቶኮልም «ጥይት» ሲል የተሟላውን ብቻ አይልም፤ በየአገሩ ሕግ ፈቃድ የሚጠየቅባቸው እስከሆኑ ድረስ ቀለሁን፣ መለኮሻውን፣ ባሩዱንና ዓረሩንም ይጨምራል። ወዳጄ በሚቀጥለው ጉዞው «አንድ ጣሳ ላምጣልህ ወይ?» ብሎኝ ነበር። ባሩድ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫን ሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይወጣም፤ ቦሌ ከመድረሱ በፊት ዴንቨር ላይ ያስቀሩታል።