ቶርኖና አፈሙዝ፦ እጅ ከብረት የተማረው

የምሕንድስና ተማሪዎች ሆነን ሞርሳ ላይ ብረት ማሰር የማናውቅ ስንቶቻችን ነን? ቀመሩን ሰሌዳ ላይ እንዘረግፈዋለን፤ ወርክሾፕ ስንገባ ግን ቶርኖው ፊት እንደ እንግዳ እንቆማለን። እኛም አንድ ቀን ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ብለን ስለቱን ወደ ብረቱ አብዝተን ገፋነው። ብረቱ ጮኸ፣ ማሽኑ ተንቀጠቀጠ፣ የስለቱ ጫፍም እንደ ብርጭቆ ረገፈ። የወርክሾፑ አዛውንት ባለሙያ ሳቅ አሉና «ብረት ችኮላ አይወድም፣ ልጆቼ» አሉን።

ከዚያ ወዲህ ይህ ማሽን ከየት መጣ፣ ማንስ ከማን ተማረው እያልን ማንበብ ጀመርን። ያገኘነውም የቶርኖ ታሪክ ከአፈሙዝ ታሪክ ጋር የተገመደ መሆኑን ነው። አፈሙዝ ስንል ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጥይት የሚያልፍበትን ቱቦ በሙሉ ማለታችን ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያለና ውስጡ የተስተካከለ ቀዳዳ መብሳት ቀላል ይመስላል፤ የሞከረው ግን ያውቀዋል።

እንግሊዛዊው ጆን ዊልኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1774 የባለቤትነት መብት ባወጣበት የመድፍ አበሳስ ውስጥ የሚሽከረከረው ደንዳናው ብረት ራሱ ነው፤ ስለቱ ሳይዞር ወደ ፊት ብቻ ይገፋል። ምን ይጠቅማል ቢሉ፣ ስለቱ ሲዞር መንገድ የሳተ እንደሆነ እየሳተ ይሄዳል፤ ብረቱ ሲዞር ግን ስሕተቱ ወደ መኻል ይመለሳል። ዊልኪንሰን ይህንኑ የመብሳት ሙያ ይዞ ለጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር ሲሊንደር በሳ። ለመድፍ የተገኘ ትክክለኛነት ፋብሪካ አንቀሳቀሰ ማለት ነው።

ሁለተኛው ሰው ሔንሪ ሞድዝሌይ ነው። በ1771 በዉሊች ተወለደ፤ በ12 ዓመቱ እዚያው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ገብቶ ጥይት ባሩድ ይሞላ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ አንጥረኛ ቤት ነው ያደገው። በዚያ ዘመን ብዙው የቶርኖ ሠራተኛ ስለቱን በእጁ ጨብጦ ከብረቱ ጋር ይታገል ነበር። ሞድዝሌይ በ1800 ገደማ ስለቱን በሚንሸራተት መያዣ ላይ አሰረና መያዣውን በረጅም ብሎን አስነዳው። ከዚያ በኋላ ብሎን ብሎንን ይወልድ ጀመር፤ ጥርሱም ከጥርስ አይለይም።

ከእሱ ቤት ሠርተው ከወጡት አንዱ ጆሴፍ ዊትዎርዝ ነው። በ1841 ያቀረበው የብሎን ጥርስ መለኪያ ነው ከአንድ ቤት የተገዛ ዳዶ ከሌላ ቤት ብሎን ጋር እንዲገጥም መንገድ የከፈተው። በ1854 መንግሥት ጠመንጃ በብዛት የሚሠሩ ማሽኖች ንድፍ ሲጠይቀው፣ መጀመሪያ ጥሩ አፈሙዝ ምን እንደሆነ ልወቅ አለ። ማንቸስተር ካለው ቤቱ ጎን 500 ያርድ የሚረዝም የተኩስ መሞከሪያ አሠራና ለካ፣ ተኮሰ፣ እንደገና ለካ። በመጨረሻ ውስጡ ባለስድስት ጎን ሆኖ በየ20 ኢንች አንዴ የሚጠመዘዝ አፈሙዝ ሠራ። በ1857 በተደረገው ፈተና የሠራዊቱን ኤንፊልድ በሩቅ ዒላማ በለጠው። ሠራዊቱ ግን ዋጋው ውድ ነው፣ ባሩዱም ቶሎ ያቆሽሸዋል ብሎ አልተቀበለውም። ሆኖም በ1860 ንግሥት ቪክቶሪያ በዊምብልደን የዒላማ ተኩስ ውድድር ሲከፍቱ የተኮሱት በዊትዎርዝ ጠመንጃ ነበር። ዒላማ መምታት ለሲቪሉም ጨዋታ እየሆነ ሄደ።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የነካን ግን አሜሪካዊው ሐሪ ፖፕ ነው፤ ምክንያቱም እንደኛ ተማሪ ነበር። በ1861 ተወለደ፣ ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1881 በምሕንድስና ተመረቀ፣ ሃርትፎርድ ከተማም በቢስክሌት ሥራ ተቀጠረ። ዲግሪ አለው፣ ደመወዝ አለው፤ ታዲያ ምን ጎደለው? ዒላማ ተኩስ ይወድ ነበርና የተሻለ አፈሙዝ አማረው። በ1884 በአያቱ ቤት ጣሪያ ሥር፣ በእግር እየተረገጠ በሚዞር አሮጌ ቶርኖ፣ የመጀመሪያውን አፈሙዙን ሠራ። ቀን የቀጣሪውን ሥራ ይሠራል፤ በትርፍ ሰዓቱ ለራሱ ይማራል። ኧረ እስቲ አስቡት! አንድ እግር ይረግጣል፣ ሁለት እጅ ስለቱን ይመራል፣ ጆሮ የብረቱን ድምፅ ያዳምጣል።

የፖፕ ምስጢር ማሽኑ አልነበረም። ውስጡን ቦይ ሲያወጣለት ስለቱ በአንድ ጉዞ የሚልገው በዓይን የማይታይ ያህል ቀጭን ነው፤ ስለዚህ ደጋግሞ፣ ደጋግሞ ይስባል። ዝናው ሲወጣ ወረፋው በዛ፤ እሱ ግን ሥራውን ለቀጠሮ ብሎ አያፋጥንም ነበር። በ1906 ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ ሱቅ ቢከፍት የዚያው ዓመት የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ አጠፋበት። ምን ያደርጋል! ወደ ምሥራቅ ተመልሶ በጀርዚ ሲቲ እንደገና ጀመረ፤ በ1950 እስኪሞትም ስሙ ከአፈሙዝ ጋር ሲጠራ ኖረ። ሱቁ ሲቃጠል እጁ ያወቀው አልተቃጠለም።

ይህን ስናነብ ሐሳባችን ወደ አገራችን መመለሱ አልቀረም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ድረስ በሰው ጉልበት ተጎትቷል። መድፉን ያቀለጡት ከአውሮፓ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ታዲያ የእኛ አንጥረኛ የት ነበር? ማረሻውን፣ ጦሩን፣ መጥረቢያውን የሚሠራልን እሱ ነበር፤ እኛ ግን «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እያልን ከማዕዳችን አራቅነው። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ስድቡ ከአፍ ቢወጣ እንኳ ከልብ ወጥቷል ወይ? ዘይት እጃችንን ሲነካው ፊታችን የሚኮሳተረው ለምንድን ነው?

አፈሙዝ የሚገድል ነገር መሆኑን አንዘነጋም፤ ጠመንጃ እንሥራም አንልም። የምንለው፣ ሞድዝሌይ ያለ ዲግሪ፣ ፖፕ ከዲግሪው በኋላ የተማሩት ትምህርት በሰሌዳ ላይ የማይጻፍ ነው፤ ቶርኖው ፊት ቆሞ፣ ስለት ሰብሮ፣ እንደገና ስሎ የሚገኝ ነው። እኛ ሦስታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዛውንቱ ዘንድ እንሄዳለን። እስካሁን ያወጣነው አንድ ብሎን ነው፤ ዳዶው ግማሽ ድረስ ይገባና ይነክሳል። ከእኛ ጋር መማር የሚፈልግ ይምጣ፤ ብቻ የሚያሳሳውን ልብስ አይልበስ።