ስለ ጂያውዚ ታሪክ፤ የቻይና ሕዝብ የዘመን መለወጫ ምግብ

ስለ አንድ አገር ታሪክ ሲነገር ስለ ነገሥታቱና ስለ ጦርነቶቹ ማውራት የተለመደ ነው። ዛሬ ግን ወደ ማዕድ ቤት እንገባለን። የምንነጋገረውም ቻይናዎች ጂያውዚ ብለው ስለሚጠሩት፣ በስስ የስንዴ ሊጥ ውስጥ የተከተፈ ሥጋና ጎመን ተጠቅልሎ ስለሚቀቀለው ምግብ ነው። በአገራችን ሳምቡሳን የማያውቅ ሰው ስለሌለ፣ ጂያውዚን በዘይት ሳይሆን በፈላ ውሃ የበሰለ፣ ቅርጹም እንደ ግማሽ ጨረቃ የሆነ ትንሽ ሳምቡሳ አድርጎ መገመት ከእውነቱ ብዙ አያርቅም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ስንዴ የቻይና የጥንት እህል አይደለም። ከምዕራብ እስያ ተነሥቶ ወደ ቻይና የደረሰው ከ4,000 ዓመት በፊት ገደማ ሲሆን፣ ሰዎቹም ለብዙ ዘመን እንደ ንፍሮ ቀቅለው ይበሉት ነበር። የስንዴ ንፍሮ ደግሞ ለጥርስ የሚከብድ ስለ ሆነ፣ ስንዴ ከጥቃቅኑ እህል በታች ተቈጥሮ ቈየ። ይህን ያህል የተናቀውን እህል ያከበረው የሚሽከረከረው የድንጋይ ወፍጮ ነው። ይህ ወፍጮ በሃን ነገሥታት ዘመን፣ ይኸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ206 ጀምሮ ከልደት በኋላ እስከ 220 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በሰሜን ቻይና ተስፋፋ። ሹ ሺ የሚባል ሊቅ በ300 ዓ.ም. አካባቢ በዱቄት ስለሚሠሩ ምግቦች አንድ ረዥም ቅኔ ደርሷል። የቤተ መንግሥት ሊቅ ስለ ሊጥ ለመቀኘት ብዕሩን ማንሣቱ፣ ነገሩ በዚያን ጊዜ ምን ያህል ብርቅ እንደ ነበረ ያመለክታል።

ጂያውዚን ማን ፈጠረው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ቻይናዎች የሚመልሱት አንድ የታወቀ አፈ ታሪክ አለ። ጃንግ ጆንግጂንግ በሃን መንግሥት ማብቂያ ገደማ የኖረ፣ የናንያንግ ተወላጅ የሆነ ስመ ጥር ሐኪም ነበር። ሐኪሙ በክረምት ወደ አገሩ ሲመለስ የድኾች ጆሮ በብርድ ቈስሎ ባየ ጊዜ አዘነ። ከዚያም የበግ ሥጋና ብርድ የሚያባርር መድኃኒት አንድ ላይ አስቀቅሎ፣ ከትፎ፣ በጆሮ ቅርጽ በተሠራ ሊጥ ጠቅልሎ ከነመረቁ አበላቸው ይባላል። አንዳንድ ተራኪዎች በመድኃኒቱ ውስጥ በርበሬ ነበረበት ይላሉ፤ ይህ ግን ሊሆን አይችልም። በርበሬ የአሜሪካ ተክል ነውና፣ ወደ ቻይና የደረሰው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። (የእኛም በርበሬ ከዚያው መምጣቱን ብዙ ሰው አያስተውልም።) ተረቱ እንደ ተረት ይቅር፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ጂያውዚ የድኻ መድኃኒት ነበር ብሎ ሕዝቡ ማመኑ በኋላ ከምናነሣው ነገር ጋር ይገናኛል።

ከተረት ወደ ማስረጃ ስንሻገር፣ ምስክሩ የተገኘው ከመቃብር ነው። በምዕራብ ቻይና በሺንጂያንግ፣ ቱርፋን በሚባለው በረሓማ ስፍራ፣ አስታና የተሰኘ የጥንት መቃብር አለ። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽና ከዚያም በኋላ በተደረገው ቁፋሮ፣ ከታንግ ነገሥታት ዘመን፣ ማለትም ከ618 እስከ 907 ባለው ጊዜ የተቀበሩ ጂያውዚዎች በሳሕን ላይ እንዳሉ ተገኙ። አገሩ ዝናብ የማያውቅ ደረቅ ስለ ሆነ ሊጡ አልበሰበሰም፤ እንደ ድንጋይ ደርቆ ቅርጹን ጠብቆ ቈየ። ዛሬ የሚያየው ሰው በትናንትናው ቀን ተጠቅልሎ የተረሳ ይመስለዋል። ከ1,000 ዓመት በላይ ቅርጹ ያልተለወጠ ምግብ በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም።

ጂያውዚ የዘመን መለወጫ ምግብ የሆነበትም ምክንያት አለው። ቻይናዎች በጥንቱ አቆጣጠር ሌሊቱንና ቀኑን በ12 ይከፍሉት ነበር፤ ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ያለው ክፍል ዚ ይባላል። አሮጌው ዓመት ከአዲሱ ጋር የሚገናኘው በዚህ ሰዓት ሲሆን፣ መገናኘትም በቋንቋቸው ጂያው ይባላል። ስለዚህ የምግቡ ስም የሁለቱን ዓመታት መገናኛ የሚያሳስብ ሆኖ ተገኘ። ቅርጹም ቀድሞ በገበያ ይዘዋወር ከነበረው የብር ጥፍጥፍ ጋር ስለሚመሳሰል፣ የሚበላው ሰው ሀብት እንደሚገባው ይታመናል። ሊዩ ሩዎዩ የሚባለው የሚንግ ቤተ መንግሥት ጃንደረባ በእስር ሳለ በጻፈው መጽሐፍ፣ በዘመን መለወጫ ከጥቅሎቹ በአንዱ ወይም በሁለቱ ውስጥ የብር ገንዘብ ይደበቅ እንደ ነበረና፣ የደረሰው ሰው ዓመቱን ሙሉ ዕድለኛ ይሆናል ይባል እንደ ነበረ ተርኳል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው የጠገበውን ሰው ታሪክ ነው። ለሰሜን ቻይና ገበሬ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ገበሬው ስንዴ ቢዘራም ነጩን ዱቄት አይበላውም፤ ለግብርና ለባለርስቱ ኪራይ ያስረክበዋል፣ የቀረውንም ይሸጠዋል። የዕለት ምግቡ ማሽላና በቆሎ፣ ድንችና ቅጠላ ቅጠል ነበር። ጂያውዚን በዓመት አንድ ጊዜ ካገኘ ደስ ይለዋል። ከዚህም የሚከፋው፣ የዓመቱ መጨረሻ ሌሊት ዕዳ የሚከፈልበት ሌሊት መሆኑ ነው። አበዳሪዎች እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድረስ ደጅ ይጠናሉ፤ ዘመኑ ከተለወጠ በኋላ ግን ዕዳ መጠየቅ ነውር ነበር። ስለዚህ ብዙ አባወራ በዚያ ሌሊት ከቤቱ ወጥቶ ይሸሸግ ነበር። እናት ሊጥ ስታሸት፣ አባት በጨለማ ውስጥ ተደብቆ ንጋትን ይጠብቅ ነበር ማለት ነው።

በ1945 በያን-አን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «ጠጉረ ነጯ ልጃገረድ» የተባለው የሙዚቃ ድራማ የሚጀምረው ከዚሁ ሌሊት ነው። ያንግ ባይላዎ የሚባል ድኻ ገበሬ ዕዳውን ሽሽት ከርሞ፣ በበረዶ ውስጥ ወደ ልጁ ይመለሳል። በእጁ ያለው አንድ ኪሎ ያህል ነጭ ዱቄትና ለልጁ ጠጉር ማሰሪያ የሚሆን ቀይ ክር ብቻ ነው። አባትና ልጅ ጂያውዚ ሊሠሩ ሲዘጋጁ፣ ባለርስቱ አስጠርቶ በዕዳው ፈንታ ልጁን የሚሸጥበትን ውል በግድ በጣት አሻራው ያስፈርመዋል። አባትየው ለልጁ ሊነግራት አልቻለም፤ በዚያው ሌሊት መርዝ ጠጥቶ ሞተ። ተመልካቹ በዚህ ስፍራ ያለቅስ እንደ ነበረ፣ አንድ ወታደርም ባለርስቱን ሆኖ በሚጫወተው ተዋናይ ላይ ጠመንጃ እስከ ማነጣጠር እንደ ደረሰ ይነገራል። ድራማው ለፖለቲካ ዓላማ መደረሱ አይካድም። ሆኖም ያ የዱቄት ቋጠሮ የደራሲዎች ፈጠራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሕዝቡ ባላለቀሰ ነበር፤ እያንዳንዱ ሰው በቤቱ የሚያውቀው ቋጠሮ ነው።

ከ1949 በኋላ ባለርስቱ ቢሻርም፣ ነጩ ዱቄት ወዲያው አልተትረፈረፈም። ከ1955 ጀምሮ በከተማ እህል የሚገዛው በራሽን ወረቀት ሆነ። ከ1959 እስከ 1961 ድረስ በወረደው ታላቅ ረኀብ ቁጥሩ እጅግ ብዙ ሕዝብ አልቋል። በራሽኑ ዘመን ለዘመን መለወጫ የሚታደለው ተጨማሪ ዱቄትና ሥጋ በጂያውዚ ላይ ይውል ነበር። የራሽኑ ወረቀት በመላ አገሪቱ የቀረው በ1993 አካባቢ ነው። እንግዲህ ዛሬ ጂያውዚን በፈለጉት ቀን የሚበሉት ሽማግሌዎች፣ በልጅነታቸው በዓመት አንድ ቀን ይጠብቁት የነበሩት ናቸው።

አሠራሩን ማወቅ ለሚፈልጉ አንባቢዎች ጥቂት እንናገራለን። ግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት በሩብ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለውሶ በደንብ ማሸት፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሶም ግማሽ ሰዓት ማሳረፍ ነው። ቻይናዎች የሚወዱት ሥጋ የዐሳማ ነው፤ እንዲያውም ቤት ተብሎ የሚነበበው ፊደላቸው ከላይ ጣሪያ፣ ከሥሩ ዐሳማ ነው። ለእኛ አገር ክርስቲያንም ሆነ እስላም ይህ የማይሆን ስለ ሆነ በበግ ሥጋ መተካት ይቻላል። ይህም ማፈንገጥ አይደለም፤ የቻይና እስላሞች በበግ ይሠሩታል፣ የሐኪሙም ጂያውዚ የበግ ነበር። ጎመኑን ከትፎ፣ ጨው ነስንሶ፣ ውሃውን በእጅ ጨምቆ ማውጣት ግድ ነው፤ አለዚያ ሊጡ ይርሳል። ሥጋው ከዝንጅብል፣ ከሽንኩርት ቅጠል፣ ከአኩሪ አተር ስጎና ከሰሊጥ ዘይት ጋር፣ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ፣ እስኪጣበቅ ድረስ ወደ አንድ ወገን ብቻ ይማሰላል። ጎመኑ ከመጨረሻ ይገባል። ሊጡ በመዳመጫ ሲዳመጥ መካከሉ ወፈር፣ ጠርዙ ሳሳ ማለት አለበት። ከሞሉት በኋላ ጠርዙን ቆንጥጦ መግጠም ነው። ውሃው ሲፈላ ይጨመራል፤ ፍላቱ ሲነሣ አንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈስበታል፣ ይህም ሦስት ጊዜ ይደገማል። ሊጡ ሳይቀደድ ሥጋው እንዲበስል የሚያደርገው ይኸው ብልኀት ነው።

ማጥቀሻው ኮምጣጤ ነው። ጂያ ሲሺየ የተባለው ጸሓፊ በ540 ዓ.ም. ገደማ ባዘጋጀው የግብርና መጽሐፍ ከሃያ በላይ የኮምጣጤ አሠራር ዘርዝሯል። በሻንሺ ክፍለ ሀገር ኮምጣጤ ከማሽላ ተጠምቆ እስኪጠቁር ድረስ እንዲያረጅ ይደረጋል። ሁለት እጅ ኮምጣጤ፣ አንድ እጅ የአኩሪ አተር ስጎ፣ ጥቂት የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ቢቀላቀል ይበቃል። የገበያችን ኮምጣጤ ኃይለኛ ነውና በውሃና በትንሽ ስኳር ማብረድ ያስፈልጋል። በሰሜን ቻይና ደግሞ በጨረቃ አቆጣጠር በ12ኛው ወር፣ በ8ኛው ቀን፣ ነጭ ሽንኩርት በኮምጣጤ ይዘፈዘፋል። እስከ በዓሉም ሽንኩርቱ እንደ ሣር አረንጓዴ ሆኖ ይቈያቸዋል።

ጂያውዚው የተቀቀለበት ውሃ አይደፋም። ምግቡን የሚያወርደው የተቀቀለበት ውሃ ነው ይላሉ፤ ሁሉም ከበላ በኋላ በየሳሕኑ ይቀዳና ትኩሱን ይጠጡታል።