የጡንቻ ኃይልና የቦሬሊ ስሌት

የሰው አካል በሐኪሞች ብቻ የተጠና አለመሆኑን ታሪክ ይመሰክራል። የጡንቻን ኃይል በሒሳብ ከመረመሩት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ የሒሳብ መምህር ነበር። በ1608 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኔፕልስ ተወልዶ በመሲናና በፒሳ አስተምሯል። ስለ እንስሳት እንቅስቃሴ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው በ1679 ከሞተ በኋላ፥ በ1680 እና በ1681 ነው።

ቦሬሊ አጥንትን እንደ ድንጋይ መፈንቀያ ብረት፥ መገጣጠሚያን እንደ መደገፊያው፥ ጡንቻን እንደ ጎታች ገመድ ቈጠረ። ከእርሱ በፊት ተፈጥሮ በትንሽ ኃይል ትልቅ ሸክም ታነሣለች ተብሎ ይታመን ነበር። ስሌቱ ግን ተቃራኒውን አሳየ። ክርንን የሚያጥፈው ጡንቻ ከመገጣጠሚያው 5 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢያያዝ፥ ሸክሙም በመዳፍ ላይ በ35 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢሆን፥ 10 ኪሎ ለመያዝ ጡንቻው በ70 ኪሎ ያህል ኃይል መጎተት አለበት፤ የክንዱ ክብደት ሳይታሰብ ማለት ነው። በምላሹ የጡንቻው ጥቂት ማጠር ለእጅ ሰፊና ፈጣን እንቅስቃሴ ይሰጣል።

ይሁን እንጂ ቦሬሊ የኃይሉን መጠን ሲያገኝ ምንጩን ሳተ። ከነርቭ የሚወጣ ፈሳሽ ከደም ጋር ተቀላቅሎ ሲፈላ ጡንቻው የሚነፋ መሰለው። ኒልስ ስቴንሰን ግን ጡንቻ ሲያጥር ይዘቱ መጨመር እንደማያስፈልገው በ1667 በጂኦሜትሪ አሳይቶ ነበር። ያን ስዋመርዳምም የእንቁራሪት ጡንቻ በብርጭቆ ዕቃ ዘግቶ ቢያኰማትረው፥ በቀጭኑ ቧንቧ ያለችው የውሃ ጠብታ ከፍ አላለችም።

እውነተኛው አሠራር የተገለጠው በ1954 ነው። አንድሩ ሃክስሊና ሮልፍ ኒደርገርከ፥ እንዲሁም ሂዩ ሃክስሊና ጂን ሃንሰን፥ በአንድ መጽሔት በአንድ ዕትም ባወጡት ጽሑፍ፥ በጡንቻ ውስጥ ያሉት ወፍራምና ቀጭን ክሮች ራሳቸው ሳያጥሩ አንዱ በሌላው መካከል እንደሚንሸራተቱ አስረዱ።

የጸሐፊው ባልደረቦች አንድ ጊዜ የተሰነጠቀ የአፈር መደገፊያ ግንብ፥ ስሌቱ ስለተስማማ ብቻ፥ አወፍረው ሠሩት። በዓመቱ ዳግመኛ ተሰነጠቀ፤ ምክንያቱ ከኋላው መውጫ አጥቶ የተጠራቀመው ውሃ ነበርና። ለእኛ ለመሐንዲሶች የቦሬሊ ታሪክ ትምህርቱ ይኸው ነው፦ ቍጥሩ ስለገጠመ ምክንያቱ ታወቀ ማለት አይደለም።