የሟች ድርሻ፦ ከሙት መንፈስ ታሪክ እስከ ስለላ ልብወለድ

የሙት መንፈስ ታሪክ፣ የወንጀል ምርመራ ልብወለድና ልብ አንጠልጣይ ልብወለድ በየመጻሕፍት መደብሩ ለየብቻ ይደርደሩ እንጂ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሦስቱም ያለ ሞት አይቆሙም። ልዩነታቸው ለሟቹ በሚሰጡት ድርሻ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሟቹ ራሱ ተመልሶ ይመጣል፤ በሁለተኛው ሌላ ሰው ይጠይቅለታል፤ በሦስተኛው ደግሞ ሊሞት የተፈረደበት ሰው ገና በሕይወት አለ፣ እየሸሸ ነው። (ከአማርኛው ክፍል በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው የሆራስ ዋልፖል «የኦትራንቶ ግንብ» በ1764 ታተመ። ዋልፖል ስሙን ደብቆ፣ መጽሐፉን ከጥንታዊ የጣልያንኛ ጽሑፍ የተተረጎመ አስመስሎ ነበር ያወጣው። ገና በመክፈቻው ግዙፍ የራስ ቁር ወድቆ ሙሽራውን በሠርጉ ዕለት ይጨፈልቀዋል። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በ1794 የወጣው የአን ራድክሊፍ «የኡዶልፎ ምስጢሮች» ግን ሌላ መንገድ ያዘ፤ አንባቢው መንፈስ ነው ብሎ የደነገጠበት ነገር በስተመጨረሻ ተፈጥሯዊ ምክንያት ይገኝለታል። መርማሪው ሳይወለድ የምርመራው ልማድ ተጀመረ ማለት ነው።

መርማሪውን በ1841 የወለደው አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ ነው። «የሩ ሞርግ ግድያዎች» በተባለው አጭር ልብወለዱ እናትና ልጅ ፓሪስ ውስጥ ከውስጥ በተዘጋ ቤት ተገድለው ይገኛሉ። የተለያየ አገር ተወላጅ የሆኑት ምስክሮች አንድ ቀጭን ድምፅ መስማታቸውን ይናገራሉ፤ እያንዳንዱ ግን የማያውቀው ቋንቋ መስሎት ነበር። መስኮቱ በምስማር ተቸንክሯል። መርማሪው ዱፓን ምስማሩን ሲነካው ራሱ ብቻ ተለይቶ እጁ ላይ ይቀራል፤ ለካ ውስጡ ተሰብሮ ኖሯል። ዘውጉ እስከ ዛሬ የሚኖረው በዚህች ምስማር ነው፦ ሁሉም ያየውን፣ ማንም ያልነካውን ነገር መንካት።

በተከታዩ ዓመት የለንደን ፖሊስ የመርማሪዎች ክፍል አቋቋመ፤ እውነተኛው ወንጀልና ልብወለዱም ተገናኙ። በ1860 ሮድ በተባለው የእንግሊዝ መንደር አንድ ሕፃን ተገድሎ ሲገኝ፣ ከለንደን የተላከው መርማሪ ዊቸር የሕፃኑን እኅት ጠረጠረ። አንድ ተራ ፖሊስ የተከበረ ቤተሰብ ጓዳ መግባቱ አገሩን አስቆጣ፤ ዊቸር ስሙ ጠፋ። ልጅቷ ወንጀሉን ያመነችው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ዊልኪ ኮሊንስ የዚህን ጉዳይ ፍንጮች በ1868 ባወጣው «የጨረቃ ድንጋይ» ውስጥ ለወጥ አድርጎ ተጠቀመባቸው። እንደኔ ከሆነ ይህን መጽሐፍ የሚስተካከል የምርመራ ልብወለድ ጥቂት ነው፤ ጥርጣሬ ራሱ ቤተሰብን እንዴት እንደሚያፈርስ ያሳያልና።

ሸርሎክ ሆምስ በ1887 ብቅ አለ። ኮናን ዶይል በ1893 ቢገድለውም አንባቢ እምቢ ስላለው ሊመልሰው ተገደደ። በ1901 መታተም በጀመረው «የባስከርቪል ውሻ» መንፈሱ በሩን ያንኳኳል፣ መርማሪውም ያባርረዋል። በ1929 ሮናልድ ኖክስ የተባሉ ቄስና ደራሲ ለምርመራ ልብወለድ ዐሥር ሕግ ሲደነግጉ፣ ከተፈጥሮ በላይ የሆነውን ሁሉ ከደጅ አስቀሩት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ውስጥ ስትሠራ መርዝን የተማረችው አጋታ ክሪስቲ የዚያ ዘመን ንግሥት ናት። ጥበቧን አደንቃለሁ፤ ቅሬታዬ ግን አለ። በብዙዎቹ መጻሕፍቷ ለሟቹ የሚያለቅስ የለም። ሬሳው እንቆቅልሽ ይሆናል፣ ሻይ ይቀርባል፣ ጥያቄው ይቀጥላል።

ሟቹን ያልረሳው የመናፍስት ታሪክ ነው። የካምብሪጁ ምሁር ኤም. አር. ጄምስ ታሪኮቹን በገና ሰሞን ለወዳጆቹ ያነብ ነበር፤ በ1904 በመጽሐፍ አወጣቸው። ከሁሉ የሚልቀው ግን በ1959 የታተመው የሸርሊ ጃክሰን «የሂል ሃውስ መናፍስት» ነው። ባለታሪኳ ኤሌኖር በጨለማ የጓደኛዋን እጅ አጥብቃ ይዛ ታድራለች። መብራት ሲበራ ጓደኛዋ ከማዶ ካለው አልጋ ላይ ናት። ደራሲዋ እጁ የማን እንደነበር ሳትነግረን ታልፋለች። ማንም መርማሪ ቢያብራራው ያ ገጽ ይሞታል።

ልብ አንጠልጣዩ የመንግሥታት ፍርሃት ልጅ ነው። የጆን ቡካን «ሠላሳ ዘጠኙ ደረጃዎች» በ1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል ወጣ። የበርሊን ግንብ ከተሠራ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1963፣ ራሱ የእንግሊዝ ሰላይ የነበረው ጆን ለ ካሬ «ከቅዝቃዜው የመጣው ሰላይ» በተሰኘው ልብወለዱ የራስ ወገን አለቃም ገዳይ ሊሆን እንደሚችል አሳየ።

አማርኛ አንባቢም ለዚህ እንግዳ አይደለም። ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸው የስለላ መጻሕፍት ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋውረው ተነብበዋል። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ደግሞ በደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አስመራ ላይ ፍቅርን፣ ስለላንና ፖለቲካን አንድ ላይ አፋጠጠ። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ፊያሜታን ሲያፈቅር፣ ማን ለማን እንደሚሠራ አንባቢውም እርግጠኛ አይሆንም። መጽሐፉ ወዲያው ታገደ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ይህን የሚያውቅ አንባቢ የምርመራ ልብወለድን ፍጻሜ እንደ ሌላው አያነብም። ገዳዩ በመጨረሻው ምዕራፍ ይታወቃል የሚለው ውል የሚሠራው መርማሪው መጠየቅ በሚፈቀድለት አገር ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ምን ያህል አስደነገጠኝ፣ ምን ያህልስ አታለለኝ ብዬ አልመዝነውም። ጉዳዩ ከተዘጋ በኋላ ሟቹ ሰው ሆኖ ከቀረልኝ ደራሲው ተሳክቶለታል፤ ኮሊንስና ጃክሰን ደግመው የሚነበቡት በዚህ ነው።